የአጎቴ ሃይሉክስና ሦስቱ ጌጆች

ቅዳሜ፣ ጠዋት

መኪናዋ ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ሞተሯ 3ኤል የሚባለው ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ነው። ቱርቦ የለውም። ኮምፒውተር የሚባል ነገርም የለውም። አጎቴ ከአዲስ አበባ ደጀን ይመላለሱባታል፤ ሲሄዱ ሸቀጥ፣ ሲመለሱ ጤፍ ይጭናሉ። የዓባይን በረሃ በጭነት ሲወጡ ሞተሩ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ማወቅ ይፈልጋሉ። እውነታቸውን ነው። ከፋብሪካ የመጣው የሙቀት ጌጅ (መለኪያ) ቁጥር የለውም፤ አንድ ጫፉ ቀዝቃዛ፣ ሌላው ጫፉ ሙቅ ነው፣ በቃ። የዘይቱ ነገር ደግሞ በአንዲት ቀይ መብራት ነው የሚታወቀው። ያቺ መብራት የምትበራው ግፊቱ ከሞላ ጎደል ካለቀ በኋላ ስለሆነ ማስጠንቀቂያ ከምትባል መርዶ ብትባል ይሻላል።

ስለዚህ ሦስት ጌጅ ያለው ስብስብ ገዙ። የውሃ ሙቀት፣ የዘይት ግፊት፣ ቮልት። እያንዳንዱ 52 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ከሬዲዮው በታች ገጠመላቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለም።

ቁልፉን ሲሰጡኝ የዘረዘሩልኝ ይህን ነው። የዘይቱ ቀስት ቁልፉ ከተከፈተበት ቅጽበት ጀምሮ በመጨረሻው የግፊት ቁጥር፣ 10 ባር ላይ ተለጥፋ ትቀራለች። የሙቀቱ ቀን ቀን ዝቅ ብሎ ያሳያል፤ ማታ የፊት መብራት ሲበራ ግን ዘሎ ይወጣል፤ "አንዳንዴ ይሠራል" ደግሞ አሉኝ። ቮልቱም ማታ ማታ ይወርዳል፤ ባትሪው ግን አዲስ ነው።

ከእኔ በፊት ሌሎች ሰዎች አይተውታል። አንዱ "ቻይና ነው፣ አውጥተው ይጣሉት" ብሏቸዋል። ሌላው የዘይቱን ቀስት አይቶ "ግፊት በዝቷል፣ የዘይት ፖምፓው ይውረድ" አለ። የመጀመሪያው ስንፍና ነው። ሁለተኛው ግን አስደነገጠኝ። ሞተሩ ሳይነሳ 10 ባር የሚል ጌጅ ስለ ፖምፓ ምንም ሊናገር አይችልም። ያልዞረ ፖምፓ ግፊት አይሰጥም።

"ጋሼ፣ ፖምፓውን ማንም እንዳይነካብዎት" አልኳቸው።

"አንተ ካየኸው ማን ይነካዋል?" አሉኝ። አሁን ኃላፊነቱ የእኔ ሆነ።

ቅዳሜ፣ ረፋድ

ሦስት ዕቃ አንድ ላይ ሲያብድ መጀመሪያ የሚፈለገው የሚጋሩት ነገር ነው። እነዚህ ሦስቱ የሚጋሩት ፖዘቲቩንና ነጌቲቩን ነው። ስለዚህ ጌጆቹን ሳልፈታ ከሽቦው ጀመርኩ።

ብዙ ሰው የቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) አንድ ጫፍ በአቅራቢያው ያገኘው ብረት ላይ፣ ሌላውን ፖዘቲቭ ላይ ያሳርፍና "12 አለ" ብሎ ይሄዳል። እንዲህ ያለው ልኬት ብዙ ነገር ይደብቃል። እዚህ የሚፈለገው በመንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። ሞተሩን አስነስቼ መጀመሪያ ባትሪው ላይ ለካሁ፤ 14.1 ነው። ዲናሞው ጤነኛ ነው ማለት ነው። ከዚያ ከባትሪው ፖዘቲቭ ረጅም ሽቦ ወደ ጋቢና አመጣሁ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ እሱ ላይ፣ ሌላውን የጌጁ ፖዘቲቭ ላይ አደረግኩ። መስመሩ ደህና ቢሆን ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ነበር የሚመጣው። 0.4 መጣ። ነጌቲቩን በተመሳሳይ መንገድ ስለካው 0.3 ሆነ።

ከዚያ የፊት መብራት አበራሁ። የፖዘቲቩ አልተነቃነቀም። የነጌቲቩ ግን ከ0.3 ወደ 1.1 ዘለለ።

ሂሳቡን ሥሩት። ቀን ከ14.1 ላይ 0.7 ሲቀነስ 13.4 ይቀራል። ማታ ባትሪው ራሱ 14.0 ይሆናል፤ ከዚያ ላይ 1.5 ሲጠፋ 12.5። የቮልት ጌጁ የሚያሳየውም ይህንኑ ነው። እሱ የደረሰውን ነው የተናገረው። "ቻይና ነው" የተባለው ጌጅ ከሦስቱ አንደኛ ሐቀኛ ሆኖ ተገኘ።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ዳሽቦርዱን ከፈትኩ። ካቻቢቴ፣ ትንሽ ትዕግሥት፣ ብዙ አቧራ። የጌጆቹ ነጌቲቭ ሦስቱም በአንድ ቀጭን ጥቁር ሽቦ ተያይዘው ከሬዲዮው ጀርባ ካለ የፋብሪካ ሽቦ ጋር ተጠምዝዘዋል። በናስትሮ ተጠቅልሏል። ናስትሮውን ስፈታው ሽቦው ነጭ ነው፤ አረንጓዴ መስመር አለው።

እዚህ ላይ ቶዮታ የሚነካ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በቶዮታ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለው ሽቦ ቦዲ ነው፣ ማለትም ትክክለኛው ነጌቲቭ። ነጭ ሆኖ አረንጓዴ መስመር ያለው ግን የዳሽቦርድ መብራቶች ነጌቲቭ ነው። እሱ ቀጥታ ቦዲ ላይ አይደርስም። መጀመሪያ በመብራት ማደብዘዣው ቁልፍ ውስጥ ያልፋል። ቶዮታ በብዙ ሞዴሎቹ ማደብዘዣውን ያስቀመጠው በነጌቲቩ በኩል ነው። ያረጀ ሽቦ በጨለማ ዳሽቦርድ ውስጥ አረንጓዴውና ጥቁሩ አይለይም። ገጣሚው የተሳሳተው እዚህ ይመስለኛል። ቴስተር ቢያሳርፍበት ኖሮ ይለየው ነበር።

ለማረጋገጥ መብራቱን አብርቼ የማደብዘዣዋን ጎማ ቁልፍ በጣቴ ማዞር ጀመርኩ። የሙቀቱ ቀስት አብራ ወጣች። መልሼ ሳዞር ወረደች። አጎቴ በመስኮት እያዩ ነበር።

"መብራት ሲደበዝዝ ሞተር ይሞቃል እንዴ?"

አይሞቅም። ምክንያቱ ጌጁ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ጌጅ ውስጥ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ። አንደኛው ቀስቷን ወደ ሙቁ ይስባታል፣ ሁለተኛው ወደ ቀዝቃዛው። ወደ ቀዝቃዛው የሚስበው ጥቅል መውጫው በጌጁ ነጌቲቭ በኩል ነው። የዳሽቦርዱ አምፖሎች ሲበሩ ኤሌክትሪካቸው ሁሉ በዚያች ማደብዘዣ ሊወጣ ይጋፋል። የጌጁ መውጫ ይጠብበታል። ወደ ቀዝቃዛው የሚስበው ጥቅል ጉልበት ሲያጣ ቀስቷ ወደ ሙቁ ትሄዳለች። ማታ ማታ "ሞተሩ ጋለ" እየተባለ መንገድ ዳር የቆመችው መኪና፣ የምትቆመው በመብራት ቁልፍ ምክንያት ነበር።

እሑድ፣ ጠዋት

አዲስ መስመር መዘርጋት። አሮጌውን ከመጠጋገን ይህ ይቀላል።

ለነጌቲቩ ወፈር ያለ ሽቦ ወሰድኩ። ከጌጆቹ ተነስቶ ከግራ እግር መርገጫ አጠገብ ወዳለው የቦዲ ቡሎን ይሄዳል። ቡሎኑን ፈትቼ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፤ ብረቱ እስኪያበራ። ቀለም የተቀባ ብረት ላይ የታሰረ ነጌቲቭ ዛሬ ቢሠራ እንኳ ክረምት ሲመጣ ይዝጋል። ካሰርኩ በኋላ ቫዝሊን ቢጤ ቀባሁበት።

ለፖዘቲቩ ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን መስመር የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ፣ አስገባሁ። የ0.4 ቮልቷ ኪሳራ የመጣችው መስመሩ ከቁልፉ ማቀጣጠያ ተነስቶ ከማሞቂያው ፋን ጋር ስለሚጋራ ነው። አሁን ቁልፉ የሚያዘው ሪሌውን ብቻ ነው። 30 ቁጥር እግሩ ከባትሪ በፊውዝ ይመጣል፤ 87 ወደ ጌጆቹ ይሄዳል፤ 85ና 86 ደግሞ የሪሌው መቀስቀሻ ናቸው። ፊውዙ 5 አምፔር ነው፤ ያስገባሁትም ባትሪው አጠገብ እንጂ ጋቢና ውስጥ አይደለም። ሽቦው መንገድ ላይ ተላልጦ ብረት ቢነካ ከፊውዙ በፊት ያለው ክፍል ነው የሚነደውና።

የጌጆቹ አምፖሎች ብቻ በዳሽቦርዱ መብራት ሽቦዎች፣ በአረንጓዴዋና በነጭ አረንጓዴዋ ላይ ቀሩ። እነሱ ከዳሽቦርዱ ጋር አብረው ቢደበዝዙ ጥሩ ነው።

ሞተር አስነስቼ ደግሜ ለካሁ። ፖዘቲቭ 0.05፣ ነጌቲቭ 0.02። መብራት በርቶም ያው ነው። ቮልት ጌጁ 14 ላይ ቆመ። አንደኛው ተዘጋ።

እሑድ፣ ከሰዓት

የሙቀቱ ጌጅ ከመብራቱ ጋር መጨፈሩን ተወ። አሁን ግን ቀንም ማታም ዝቅ ይላል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ላይኛው የራዲያተር ቱቦ በእጅ አይነካም፤ ጌጁ 70 ገደማ ይላል። ውሃውን እስኪሞቅ የሚያግደው ቴርሞስታት ላይ 82 ተብሎ ተጽፏል። ውሃው ወደ ላይኛው ቱቦ የሚመጣው ቴርሞስታቱ ሲከፈት ነው። ስለዚህ 70 ሊሆን አይችልም።

ሙቀቱን ለጌጁ የሚነግረው ሴንሰር የገባው ቱቦው መሃል ተቆርጦ በተሰካ የአሉሚኒየም መገጣጠሚያ ላይ ነው። ለገጣሚው ቀላል ቦታ ነው፤ ሞተሩ አይነካም፣ ሁለት ፋሼታ ማጥበቅ ብቻ ነው። ችግሩ ቱቦው ጎማ መሆኑ ነው። ይህ ሴንሰር ደግሞ ባለ አንድ ሽቦ ነው። ነጌቲቩን የሚያገኘው በገላው፣ ከተሰካበት ብረት ነው። በጎማ መሃል የተንጠለጠለ ብረት ቦዲ የለውም። ገጣሚው ይህን አውቆ ከመገጣጠሚያው ላይ ነጌቲቭ ሽቦ አውጥቷል። ጥሩ። ግን ያሰረው የራዲያተሩ መደገፊያ ላይ፣ ጥቁር ቀለም በተቀባ ቡሎን ሥር ነው። ከመገጣጠሚያው እስከ ባትሪው ነጌቲቭ ስለካ 13 ኦም የኤሌክትሪክ እንቅፋት (ሬዚስታንስ) አገኘሁ።

13 ኦም ትንሽ ይመስላል። በዚህ ሴንሰር ላይ ግን ትልቅ ነው። ሙቀት ሲጨምር የሴንሰሩ ኦም ይቀንሳል። የዚህ ስብስብ መመሪያ ወረቀት ቪዲኦ (VDO) የተባለውን የጀርመን ጌጅ አምራች ልክ ይከተላል። በዚያ መሠረት 40 ዲግሪ ላይ 290 ኦም አካባቢ፣ 90 ላይ 51፣ 100 ላይ 38 ነው። ሲሞቅ ቁጥሮቹ ይቀራረባሉ። እንግዲህ 38 ላይ 13 ሲጨመር 51 ይሆናል። ሞተሩ 100 ሲሞላ ጌጁ "90 ነው፣ አታስብ" ይላል ማለት ነው። ከሁሉም ስህተት ይህኛው ነው የሚያስፈራኝ። ከፍ ብሎ የሚዋሽ ጌጅ ቢበዛ መንገድ ዳር ያቆማል። ዝቅ ብሎ የሚዋሽ ቴስታታ (የሞተሩን አናት) ያስከፍላል።

ደግሞ ሁለቱ ስህተቶች ተቃራኒ መሆናቸውን ልብ በሉ። የዳሽቦርዱ ነጌቲቭ ቀስቷን ወደ ላይ ይገፋል፤ የቱቦው ነጌቲቭ ወደ ታች ይጎትታታል። ሁለቱ ተደምረው አንዳንድ ማታ ትክክለኛ የሚመስል ቁጥር ሳያወጡ አልቀረም። ለዚህ ነው "አንዳንዴ ይሠራል" የተባለው።

ሽቦውን ነቅዬ ቀጥታ የሞተሩ ብረት ላይ አሰርኩት። 13ቱ ኦም ወደ 0.2 ወረደ።

እሑድ፣ ማምሻ

ሴንሰሩ ራሱ እውነተኛ መሆኑን ማየት ስለፈለግኩ ፈትቼ ወደ ማዕድ ቤት ይዤው ገባሁ። የአጎቴ ባለቤት አንድ አሮጌ ድስት ሰጡኝ። መልሼ እንዳላመጣውም ጨምረው ነገሩኝ።

ሴንሰሩን በሽቦ ውሃው ውስጥ አንጠለጠልኩት፤ የድስቱን ብረት እንዳይነካ። ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጌ አንዱን ጫፍ ገላው ላይ፣ ሌላውን አናቱ ላይ ሰካሁ። ውሃው እየሞቀ ሲሄድ ቁጥሩ እየወረደ መጣ። ሲንተከተክ 48 ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ እሳቱ ቢጨምርም አልወረደም።

ጎረቤት ያለ መካኒክ ቆሞ ያይ ነበር። "100 ላይ 38 ነው አላልክም? ሴንሰሩ ሞቷል" አለ።

ለባሕር ዳርቻ ሰው ልክ ነበር። እኛ ግን ያለነው አዲስ አበባ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽሮ የሚበስለውም፣ ሻይ የሚፈላውም በዚያው ነው። በ90ና በ100 መካከል 92 ላይ የሚጠበቀው 48 ኦም አካባቢ ነው። ሴንሰሩ ደህና ነው። ከውጭ አገር ቪዲዮ ላይ "የፈላ ውሃ 100 ነው፣ ካላሳየ ጣለው" የሚለውን ምክር ሰምቶ ደህና ሴንሰር የጣለ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ አይጠፋም።

ይህ ነገር ለሞተሩም ይሠራል። የራዲያተሩ ክዳን ላይ 0.9 ተጽፏል። ይህ በውስጡ የሚይዘው የግፊት መጠን ነው። ክዳኑ ግፊቱን ከያዘ እዚህ ከተማ ውስጥ ንጹሕ ውሃ እንኳ የሚፈላው ወደ 114 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። ላስቲኩ ካለቀና ግፊት ካልያዘ ግን ያው 92 ላይ መንተክተክ ይጀምራል። ጌጁ 95 እያለ ውሃ የሚተፋ መኪና ካያችሁ መጀመሪያ ክዳኑን ቀይሩ። የአጎቴ ክዳን ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል። ነገ ይገዛል።

ማክሰኞ፣ ማታ

ከሥራ በኋላ ነው፤ ብርሃን ሳይጠፋ የዘይቱን ልየው።

ቀስቷ 10 ላይ ናት። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ቁልፉ ክፍት ነው። የዚህኛው ሴንሰር ባሕርይ ከሙቀቱ ይለያል። ግፊት ሲጨምር ኦሙም ይጨምራል፤ ያለ ግፊት 10 ኦም፣ ጫፍ ሲደርስ 180 ገደማ። ስለዚህ ሽቦው ቢበጠስ ወይም ነጌቲቭ ቢያጣ ጌጁ "ግፊቱ ከጫፍ አለፈ" ብሎ ነው የሚረዳው። የአሜሪካኖቹ ልክ ግን ከ240 ወደ 33 የሚወርድ ነው፣ አካሄዱ ተገላቢጦሽ። ገበያ ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሸጣሉ። የአንዱን ጌጅ ከሌላው ሴንሰር ጋር ያጋባ ሰው፣ ሞተሩን ሲያጠፋ ግፊት የሚጨምር መኪና ይኖረዋል።

የሴንሰሩን ሽቦ ነቅዬ ከሞተሩ ብረት ጋር አነካካሁ። ቀስቷ ወደ ዜሮ ወረደች። ጌጁ ይሠራል፤ ሽቦውም አልተበጠሰም። ቀጥሎ ሴንሰሩ። ከአናቱ እስከ ገላው 10 ኦም ነው። ደህና ነው። ከአናቱ እስከ ሞተሩ ብረት ግን ቴስተሩ ምንም አያነብም። ሴንሰሩ ሞተሩ ላይ ታስሮ ሞተሩን አልነካም።

ሲፈታ ነገሩ ገባኝ። ጥርሱ በሙሉ በቴፍሎን ተጠቅልሏል። ለቧንቧ እንኳ ይበዛል። ለምን እንደዚያ እንደተጠቀለለ ደግሞ ቲውን፣ ባለ ሦስት አፉን መገናኛ፣ ሳየው ታወቀ። ቀዩን መብራት እንዳያጠፋ ብሎ ገጣሚው በነሐስ ቲ መስመሩን ለሁለት ከፍሎታል፤ ሐሳቡ መልካም ነው። ግን ቲው የአሜሪካ ጥርስ ነው። የቶዮታ የዘይት ቀዳዳ የእንግሊዝ ጥርስ ነው። ሁለቱም ስማቸው ስምንተኛ ኢንች ነው፤ አንዱ በኢንች 27፣ ሌላው 28 ጥርስ አለው። በእጅ ሲጀመር ይገባል፣ ከዚያ ያንገራግራል። ዘይት ያፈስሳል። ሲያፈስ ቴፍሎን ይጨመራል። አሁንም ሲያፈስ ይጨመራል። በመጨረሻ ዘይቱ ቆመ፤ ኤሌክትሪኩም አብሮ ቆመ።

ደግሞ ከባድ ሴንሰር ነሐስ ላይ ተንጠልጥሎ በናፍጣ ሞተር ንዝረት ብዙ አይቆይም። ነሐሱ ጥርሱ ላይ ሲሰበር ዘይቱ በሙሉ አስፋልት ላይ ነው።

ሐሙስ

ቶርኖ ቤት ሄጄ በአንድ በኩል የእንግሊዝ፣ በሌላው የአሜሪካ ጥርስ ያለው መገናኛ አስወጣሁ። ቲው ላይ አጭር የብረት ሹራብ ያለው የግፊት ቱቦ ተገጠመ። ሴንሰሩ አሁን በቦዲው ላይ በራሱ መያዣ ቆሟል፤ ከንዝረቱ ርቋል። ነጌቲቩን በተለየ ሽቦ ሞተሩ ላይ አሰርኩለት። ቴፍሎን የለም። በጥርሱ መሃል ላይ ብቻ ትንሽ ፈሳሽ ማሸጊያ።

ቁልፍ ተከፈተ፤ ቀስቷ ዜሮ ላይ። ሞተር ተነሳ፤ ወጣች። ሲሞቅ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) 2.4 ላይ ተረጋጋች። ነዳጅ ረግጬ ወደ 3,000 ዙር ስወስደው 7.2 ደረሰች።

አጎቴ ደስ አላቸው። "ሞተሯ ገና ሙሽራ ናት!" አሉ።

እኔ አልተዋጠልኝም። ቶዮታ ለዚህ ሞተር የሰጠው ልክ በሚኒሞ ከ0.3 ያላነሰ፣ በ3,000 ዙር ከ2.5 እስከ 6.0 ነው። ብዙ አገር ያየ ሞተር፣ በሞቀ ዘይት 7.2 አይሰጥም። ፖምፓው ይውረድ ያለው ሰው ይህን ቢያይ መፍቻውን ያነሳ ነበር።

ስለዚህ ከአንድ ጋራዥ ሜካኒካል ጌጅ ተዋስኩ። ኤሌክትሪክ የለውም፣ ሽቦ የለውም፣ ዘይቱ ራሱ ቀስቷን የሚገፋበት ነው። በቲው ሌላ አፍ ላይ ሰካሁት። ሚኒሞ ላይ 1.2። በ3,000 ዙር 3.6።

ሁለት ጊዜ ልክ እጥፍ። ነጌቲቭ ወይም ሽቦ እንዲህ ንጹሕ ስህተት አይሠራም። ሴንሰሩን ገልብጬ የእጅ ባትሪ አብርቼ ገላውን አነበብኩ። "ከ0 እስከ 5 ባር" ይላል። ጌጁ የ10 ባር ነው። ሁለቱም ከ10 እስከ 180 ኦም ይጠቀማሉ፤ ስለዚህ ጌጁ ልዩነቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። 3.6 ባር ለ5 ባር ሴንሰር ከጫፉ 72 ከመቶ ነው። ጌጁ ያንን ከራሱ 10 ላይ ሲያሰላው 7.2 ይሆናል። ከሳጥኑ ሲወጣ ነው እንዲህ የተጋባው። ከሦስቱ ውስጥ የሻጩ ጥፋት የምለው ይህ ብቻ ነው። ቀላል ጥፋትም አይደለም። እውነተኛው ግፊት ወደ 0.5 ቢወርድ ጌጁ 1 ይል ነበር፤ አጎቴም ዓባይን ይጨርሱበት ነበር።

ሞተሩ ግን ምንም የለበትም። 1.2ና 3.6 ጥሩ ቁጥሮች ናቸው።

ቅዳሜ

ሶማሌ ተራ። የሚመስል ሴንሰር ብዙ አለ፤ ጽሑፍ ያለበት ጥቂት ነው። አንዱ ባለ ሱቅ ሁለት ዓይነት አውጥቶ "ሁለቱም የ10 ናቸው፣ ለካው" አለኝ፤ ቴስተር ይዤ ስላየ። ለካሁ። ሁለቱም 10 ኦም። ግን ይህ ምንም አይነግርም። የ5ም የ10ም ሴንሰር ያለ ግፊት 10 ኦም ነው። የሚለዩት ሲገፉ ነው።

ከሱቁ ጥቂት እርምጃ አልፎ ጎሚስታ አለ። ኮምፕሬሰር አለው፣ የግፊት ጌጅም አለው። በቶርኖ ያስወጣሁትን ዓይነት መገናኛ አንድ ትርፍ ይዤ ስለነበር አየሩን በእሱ በኩል ሰጠንባቸው። በ4 ባር ላይ የመጀመሪያው 150 ኦም አካባቢ አነበበ። ሁለተኛው ከ80 ትንሽ አለፍ አለ። የመጀመሪያው የ5 ነው፤ 4 ባር ለእሱ ወደ ጫፉ ነው። ሁለተኛው የ10 ነው። ሁለተኛውን ገዛሁ። ባለ ሱቁ አብሮን መጥቶ ያይ ስለነበር የመጀመሪያውን ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ 5 ብሎ ጻፈበት። ጎሚስታው ለአየሩ አላስከፈለኝም፤ ሻይ ግን ጋበዝኩት።

ከሰዓት ገጠምኩት። ሜካኒካሉ 1.2፣ የእኛው 1.2 ከምትባል ትንሽ ከፍ አለ። በ3,000 ሁለቱም 3.6 አካባቢ። በቃ።

የሙቀቱንም በሌላ መሣሪያ ለማስተያየት የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ተዋስኩ። የአሉሚኒየም መገጣጠሚያው ላይ ስተኩስበት 50 ምናምን አለኝ። የሚያብረቀርቅ ብረት ይህን መሣሪያ ያታልለዋል። ጥቁር ናስትሮ ለጥፌ ናስትሮው ላይ ስተኩስ 83 መጣ። ጌጁ 85 ይላል። የናስትሮው ገጽ ከውስጡ ውሃ በትንሹ ቢቀዘቅዝ የሚጠበቅ ነው።

ሰኞ

አጎቴ ትናንት በጭነት ወርደው ወጥተዋል። ሙከራው የእሳቸው እንዲሆን የፈለግኩት እንጦጦን ባዶ መኪና ይዞ መውጣት ብዙ ስለማይፈትን ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለት ነው፤ ከዚያ እስከ ደጀን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በሙቀት መውጣት አለ።

ቁጥር እንዲጽፉልኝ ጠይቄያቸው ነበር። ሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ጽፈው በስልክ አነበቡልኝ። ቁልቁለቱን ሲጨርሱ ሙቀቱ 80፤ ሞተሩ በማርሽ ሲገታ ብዙ አይነድም። ዳገቱ መሃል 94። ከደጀን በፊት ባለው የመጨረሻ ጥምዝ 97 ደረሰ፤ ማርሽ ቀንሰው ሲያዘግሙ ወደ 92 ወረደ። ዘይቱ እዚያው ዳገት ላይ 3 አካባቢ፣ ደጀን ሲቆሙ በሚኒሞ ከ1 በትንሹ በታች። ከአዲስ አበባው 1.2 ዝቅ ያለው ዘይቱ ስለሞቀ ነው። ቮልቱ ቀንም ማታም 14።

"ማታ መብራት ሳበራ ቀስቷ አልነቃነቅ አለች" አሉኝ፤ ቅሬታ በሚመስል ድምፅ። ለምደዋት ነበር።

በጌጆቹ መስታወት ላይ ሙቀት 100፣ ዘይት 0.5 ላይ ቀይ ነጥብ ቀብቼላቸዋለሁ። ሙቀቱ ቀዩን ሲነካ ማርሽ ይቀንሳሉ፤ ካልወረደ ይቆማሉ፣ ሞተሩን ግን ወዲያው አያጠፉም። ዘይቱ ከቀዩ ከወረደ ደግሞ ወዲያው ነው የሚጠፋው፤ እስከ ቀጣዩ መንደር ልድረስ የለም።

የቀረ ሥራ፦ የዘይት ጌጁ አምፖል ጎርባጣ መንገድ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል፤ መሰኪያው ላልቶ ይሆናል። የማሞቂያው ፋን መስመርም የተላላጠ ቦታ አለው። ሐሙስ ሲመለሱ።